ዩአይ ዩኤክስ፦ የሚባለውና ያለው

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ ወጥቶ ሸኖን ያለፈ መንገደኛ፣ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላው ብርዷን ይዛ የምትጠብቀው ጫጫ ናት። ገበያዋ የገብስ፣ የባቄላና የበግ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የበግ ዋጋ በስልክ ሲከፈል ማየት ብርቅ አይደለም። ሻጩ ሽማግሌ በጉን ያስረክባሉ፤ ስልካቸው ጢን ሲል አጠገባቸው ላለው ጎረምሳ ያቀብሉታል።

«እስቲ እየው ልጄ፤ ገባ?»

«ገብቷል አባባ።»

ቀሪ ሒሳብ ማየት ካስፈለገ ደግሞ የሚስጥር ቁጥሩም አብሮ ይነገራል፤ ያውም ገበያ መሃል።

ይህን ያየ ሰው ፍርድ ለመስጠት አይዘገይም፦ ያልተማረ ሰው ቴክኖሎጂ አይገባውም። ወጣቶች ዩአይ ዩኤክስ ስለሚሉት የኢንተራክሽን ዲዛይን ሙያ ከሚነገሩት ተረቶች ሥር የሰደደው ይኼ ነው።

እኚያ ሽማግሌ የበጉን ጀርባ ዳብሰው ዋጋውን ይቆርጣሉ፤ የማይገባቸው ሰው አይደሉም። እስቲ በስልኩ በኩል ያለውን እንመልከት። በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው አገልግሎት ምርጫውን በቁጥር ይደረድራል። ከተወሰነለት ጊዜ በላይ ከቆዩበት ይዘጋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። መልእክቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ። በእርግጥ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚሸከም ጉዳቱ ቁጥሩ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ቢሆንም «ውድ ደንበኛችን» በሚል ሰላምታ የሚጀምር መልእክት ሰባተኛውን እጅ በአክብሮት ጨርሶታል። ሽማግሌው የሚፈልጉት ስንት ብር እንደገባ ነው። ገንዘቡን መጀመሪያ፣ የላኪውን ስም ቀጥሎ፣ አክብሮቱን ቦታ ከተረፈ መጻፍ፤ ይህን የሚወስነው ሰው የኢንተራክሽን ዲዛይነር ይባላል።

ማንበብ የማይችል ሰው ሲታሰብበት ምን እንደሚሆንም ታይቷል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለውን ነፃ መስመር ሲከፍት ገበሬው የሚያነበው ነገር አልሰጠውም። ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። ጆሮና አንድ ጣት ይበቃዋል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ካሜራው እንዳይሠራ ተቆልፎ ነበር፤ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፈቱት። ወሬው በዓለም ሲናኝ «አስተማሪ አያስፈልግም ማለት ነው» ያሉ አልጠፉም። እዚያ ድረስ አያስኬድም፤ የነገሩን ራሳቸው ሙከራውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ኮምፒውተር ያላየ ሰው አይገባውም ለሚለው ግን በቂ መልስ ነው።

ሁለተኛው ተረት ሙያውን የቀለም ቅብ ሥራ ያደርገዋል። ኮዱ ካለቀ በኋላ ዲዛይነር ይጠራና «እስቲ አሳምረው» ይባላል። የጳጉሜን ነገር ይውሰዱ። አንድ ሲስተም ሲሠራ ወሩ 12 ብቻ ነው ተብሎ ከተወሰነ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ የልደት ቀኗ የሚመዘገብበት ሣጥን የላትም። ይህን ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም፤ ዳታቤዙ ሲነደፍ መታሰብ ነበረበት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስልኩ 6፡00 ብሎ የጻፈለት መንገደኛ አውቶቡሱ ንጋት ላይ ይሁን ቀትር ላይ እንደሚነሣ በምን ያውቃል? አልማዝ ከበደ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን የአባቷን ስም ሞልታ «ውድ አቶ ከበደ» የሚል ኢሜይል ሲደርሳት ደግሞ ለሳቅም ለንዴትም ይመቻል።

ሙያው ከፈረንጅ አገር ትናንት የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ስሙ እንጂ ሥራውስ እዚህ ከርሟል። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ የዚሁ ሙያ ጥያቄ ነበር፦ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ሆሄ ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የመኪናው ቁልፎች ግን 50 እንኳ አይሞሉም። መፍትሔው ሆሄውን ከፋፍሎ ቅጥያውን በላዩ መምታት ሆነ። በዚያ መንገድ የተጻፈ የድሮ ማመልከቻ ያየ ሰው የሆሄው እግርና ቀለበት መዛነፍ ትዝ ይለዋል። ጣት ተመችቶት፣ ዓይን ከፍሎበታል።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ጥያቄውን እንደገና አነሡት። ከዚያም የፊደል ሶፍትዌር በየቦታው በቀለ። ችግሩ ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር፤ በአንድ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። ይህ የቀለለው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝ ፊደልን ከመዘገበ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጠጋ ብዬ ላሳይ። ዛሬ ድምፅን ተከትለው በሚጽፉት በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ተነባቢውን ብቻ ከነኩ የሚወጣው ሳድሱ ነው። ለምን ግዕዙ አልሆነም? በፊደል ገበታ ላይ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ አይደለም እንዴ? «ትምህርት» የሚለውን ቃል ይጻፉ፤ አምስቱም ሆሄ ሳድስ ነው። ሳድስ በነባሪ ሲወጣ አምስት ንክኪ ይበቃል። ግዕዙ ቀድሞ ቢወጣና ሳድሱ አናባቢ ቢጨመርበት ኖሮ አሥር ይሆን ነበር። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ እጅግ ስለሚበዛ ያቺ አንዲት ውሳኔ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው የጣት ድካም ትቀንሳለች። ይህ ሁሉ ተደርጎም ብዙ ወጣት ጓደኛውን በላቲን ፊደል «ሰላም ነው» ይለዋል። አዋቂዎች ለባህል ካለማሰብ ይቆጥሩበታል፤ እኔ ግን ኪቦርዱ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርጌ ነው የማየው።

የሙያው ምርምር የሒሳብ ሊቆች ብቻ ነው የሚለው ተረት ብዙ አያቆየንም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች ሲለዩ እስከ 34.7 በመቶ ሲስቱ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ እንደማያልፍ አሳይቷል። ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። ከባዱ «ለማን ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቁ ነበር።

ደመወዙን በተመለከተ ግን ተረቱ ወደ ሌላኛው ጎን ያጋደለ ይመስለኛል። የአጭር ጊዜ ስልጠና ወስዶ ከጫጫ ሆኖ በዶላር መከፈል በማስታወቂያ የሚባለውን ያህል ቀላል አይደለም። እዚህ አገር ብዙ መሥሪያ ቤት ዲዛይነር ብሎ ለብቻው አይቀጥርም፤ ኮድ የሚጽፈው ልጅ እግረ መንገዱን ይሥራው ይባላል።

ለመጀመር ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል የሚለው ግን ውሸት ነው። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስሌት ላይ ተመሥርቶ በሙያው የተለመደው መነሻ አምስት ሰው ነው፤ አምስት ሰው ሲሞክረው የአንድ ሲስተም አብዛኛው እንከን ይገለጣል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጫጫ ልጅ የስልኩን ገጽ በወረቀት ሥሎ ገበያ ይውጣ። ብቻ «ወደዱት?» ብሎ አይጠይቅ፤ የአገሩ ሰው ይሉኝታ ስላለበት «ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይሸኘዋል። «አባባ፣ እስቲ በዚህች ለልጅዎ 200 ብር ይላኩ» ይበልና ዝም ይበል። ጣታቸው የት ላይ እንደሚያመነታ ይጻፍ፤ ሊያግዝ እጁን ቢዘረጋ ሙከራው ያኔውኑ ተበላሽቷል።