ቢህተር ላይ ስንፈርድ

የተከታታይ ድራማ ስክሪፕት አርታኢ ነኝ። ቀኔ የሚያልፈው በሰው ጥያቄ መካከል ነው። ጸሐፊው የክፍሉን ረቂቅ ይዞ ይመጣል፣ ዳይሬክተሩ ትዕይንት ይቀነስልኝ ይላል፣ ተዋናይዋ ደግሞ ከቀረጻ በፊት ወደ ጎን ሳብ ታደርገኝና «ጋሼ፣ እኔ ይህችን ሴት ልረዳት አልቻልኩም። ክፉ ናት ወይስ ደግ?» ትለኛለች። «እሱን ተይውና የምትፈራውን ነገር ንገሪኝ» እላታለሁ። ፍርሃቷን ካገኘች ትጫወታታለች።

ይህ መልስ ለተዋናይ ይበቃል። ለተመልካች ግን አይበቃውም፤ ተመልካች መፍረድ ይፈልጋል። ደግሞም መብቱ ነው። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ ገጸ ባሕርይ የምንጽፈው ተመልካቹ መፍረድ እንዲያቆም ነው ይላሉ። አልስማማም። ሰው በሰው ላይ ያደረሰውን በደል ዓይቶ «እሱስ ምን ያድርግ» ብሎ ብቻ የሚነሳ ተመልካች፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ «እሷ ሰይጣን ናት» ከሚለው ተመልካች ብዙም አይሻልም። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ የሚጠይቀን ፍርዳችንን እንድናጠራ ነው። ለየትኛው ሥራዋ? በማን ላይ ላደረሰችው? ምን እያወቀች?

ለማጥራት ደግሞ እኛ ጸሐፊዎች ፍርዱን እንዴት አስቀድመን እንደምናዘነብለው ማወቅ ያስፈልጋል። ስክሪፕት ሳነብ በእርሳስ የማደርጋት አንዲት ምልክት አለችኝ፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን የሚታይበትን ትዕይንት ሁሉ ከጎኑ እጭርበታለሁ። መስታወት ፊት የቆመች ሴት፣ ስልኩን ዘግቶ አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ መኪና ውስጥ ያለ ድምፅ የሚያለቅስ። ብቻውን የሆነ ሰው የሚያታልለው የለምና እናምነዋለን። ካሜራው ፊቱን በቅርበት ይይዛል፣ ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ይገባል፣ እኛም ሳናውቀው ዘመዱ እንሆናለን። ሁልጊዜ በሰው መሐል ብቻ የሚታየው ግን፣ አንድም ሐሰት ባይናገር እንኳ የደበቀው ነገር ያለ ይመስለናል። ከንባቡ በኋላ ጭረቶቹን ስቆጥር ተመልካቹ ለማን እንደሚያዝን አንድም ክፍል ሳይቀረጽ አውቀዋለሁ። ባለ ብዙ ጭረቱ ገጸ ባሕርይ ይቅር ይባላል። ጥፋቱ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ቀርበን ስላየነው ነው።

ቅርበት ማስረጃ አይደለም። ከወጣት ጸሐፊዎች ጋር ስቀመጥ አጥብቄ የምለው ይህንን ነው፤ ሳስረዳም ደጋግሜ የማነሳው የቱርኩን «አሽክ-ኢ ሜምኑ»ን፣ «የተከለከለ ፍቅር»ን ነው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ በየሳሎናችን ስለገባ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ አካሄድ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ትልቅ ቤት፣ ብዙ ደጅ፣ ከየደጁ በስተጀርባ የሚያዳምጥ ሰው። ታሪኩ ግን ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። ሃሊት ዚያ ኡሻክልጊል ልብ ወለዱን በ1899 እና በ1900 «ሰርቬት-ኢ ፉኑን» በተባለ መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣው። በ1975 የቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን በሃሊት ረፊ ዳይሬክተርነት ሠራው። ዓለም የሚያውቀው ግን በካናል ዲ ከ2008 እስከ 2010 የታየው፣ ሂላል ሳራል ያዘጋጀችው፣ ቤረን ሳት ቢህተርን ሆና የተጫወተችበት ነው።

ቢህተር ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ቆንጆ ልጅ ናት። እናቷ ፊርዴቭስ በኢስታንቡል ሀብታሞች ዘንድ ስሟ የጎደፈ ሴት ናት፤ አባቷ የሞተው በእናቷ ክህደት ተሰብሮ እንደሆነ ቢህተር ታምናለች። ፊርዴቭስ በቦስፎረስ ዳርቻ ትልቅ ቤት ያለውን፣ ሚስቱ የሞተችበትን አድናንን ለማግባት ስታስብ፣ አድናን እጁን የዘረጋው ለልጇ ለቢህተር ሆነ። ቢህተር እሺ አለች። ከዚያ አድናን እንደ ልጁ አድርጎ ካሳደገው ዘመዱ ከበህሉል ጋር በፍቅር ወደቀች። በመጨረሻም እናቷ ራሷ ምስጢሩን አውቃ በህሉልን ለአድናን ልጅ ለኒሃል ለማጋባት ስትሸርብ፣ ቢህተር ሠርጉ ላይ በራሷ ላይ ተኮሰች። በህሉል ሸሸ።

ብዙ ሰው ቢህተር ላይ የሚፈርደው በዝሙቱ ነው። የሚከላከሉላትም በዚያው ነው፤ ወጣት ናት፣ ባሏ የአባቷ እኩያ ነው፣ ወደደች ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ካሜራው ባሳየው ክፍል ላይ ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ቢህተር ሌሊት ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ገላና የራሷን ባዶነት የምታይበት ክፍል አለ፤ በቱርክ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ገጽ ነው። ያንን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ለምትሠራው ነገር ሁሉ ምክንያቷን ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። ተከታታይ ድራማው ደግሞ ይህንን ቅርበት ለሁለት ዓመት አረዘመው። በየሳምንቱ ፊቷን እያየን ቆየን።

የኔ ፍርድ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቢህተርን ጥፋተኛ የምላት ለጋብቻው ነው። አድናንን ስታገባ ልቧ አልተሸነፈም፤ አስባ፣ አመዛዝና፣ እናቷን የምታሸንፍበት መንገድ ሆኖ ስላገኘችው ነው የገባችበት። ቤቱ ውስጥ እናት የሞተችባቸው ሁለት ልጆች አሉ፤ ኒሃልና ታናሽ ወንድሟ ቡለንት። ቢህተር በእናቷ ላይ የከፈተችው ጦርነት ሜዳው የእነዚህ ልጆች መኖሪያ ሆነ። ከበህሉል ጋር የሆነው ሁሉ፣ ውሸቱ፣ በሌሊት በኮሪደር መመላለሱ፣ የኒሃል መሰበር፣ ከዚያ ከቀዝቃዛው ውሳኔ የፈለቀ ነው። ሰው በስሜት ተይዞ ለሠራው ትንሽ ልራራ እችላለሁ። በቀዘቀዘ ልብ ለመረጠው ግን ሙሉውን እጠይቀዋለሁ።

ነገር ግን ይህም ፍርድ የራሱ ማቅለያ አለው፤ እሱን የማይቆጥር ዳኛ መሆን አልፈልግም። ልብ ወለዱ በተጻፈበት ዘመን በዚያ ቤተሰብ የተወለደች ልጅ በእናቷ ስም ምክንያት ብዙ ደጅ ተዘግቶባታል። ጨዋ የሚባለው ቤተሰብ ዓይኑን አያነሳባትም። አድናን የተከፈተላት ደጅ ነው። ድራማው ታሪኩን ወደ ሁለት ሺዎቹ ኢስታንቡል ሲያመጣው ይህ ማቅለያ ቀለለ ብዬ አስባለሁ። የ2008ቷ ቢህተር መማር፣ መሥራት፣ ከእናቷ ቤት ወጥታ መኖር ትችል ነበር። ስለዚህ አንዲት ቢህተር አትፈረድም፤ የ1900ዋ እና የ2008ቷ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ተከሳሾች ናቸው፣ ሁለተኛዋም የበለጠ ትጠየቃለች።

በህሉልን በተመለከተ ብዙ ማመንታት አያስፈልገኝም። ያሳደገውን ሰው ከዳ፣ ቢህተር አብረን እንሂድ ስትለው አመነታ፣ ኒሃልንም ለማግባት ተስማማ። ሁሉም ደጅ ክፍት የነበረለት እሱ ነው፤ ሳይከፍል የወጣውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ተመልካች የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ደራሲው የሰጠውን ፍጻሜ እንደ ፍርድ ያነበዋል። ቢህተር ስለሞተች የበለጠ ጥፋተኛ የነበረች ይመስለዋል፣ ወይም ሞታለችና ዕዳዋን ከፍላለች ይላል። ፍጻሜ የታሪክ ሥራ ነው። ማን እንደሚሞት የሚወስነው ሴራው፣ አንዳንዴም የተዋናይ ውል ነው። ከዚያ ተነስቶ የጥፋትን ክብደት መለካት አይቻልም።

ቅርበት እስከ ምን ሊያሳውር እንደሚችል ለማየት ወደ አሜሪካ መሻገር ይበቃል። በ1963 በተጀመረውና ዛሬም ባልቆመው «ጄኔራል ሆስፒታል» ውስጥ ሉክ ስፔንሰር የሚባል ሰው አለ፤ ለአጭር ጊዜ ታስቦ የገባ ገጸ ባሕርይ ነበር። በ1979 ሎራ የምትባለውን ወጣት ደፈራት። ተዋናዩ አንቶኒ ጊሪ ግን ተመልካቹን ማረከ፤ ስለዚህ ሉክ ቆየ፣ ሳቀ፣ ጀብዱ ሠራ፣ ብቻውን ሆኖ ተጨነቀ። በኅዳር 1981 ሉክና ሎራ ሲጋቡ ወደ 30 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው፤ ኤልዛቤት ቴይለር ሳትቀር በድራማው ውስጥ ታየች። ያ ሁሉ ሰው ክፉ አልነበረም። ጸሐፊዎቹ ከሉክ ጋር ለሁለት ዓመት ስላስቀመጡት ብቻ ነው። ድራማው ያንን ሌሊት ፊት ለፊት የተመለከተው በ1998፣ የሁለቱ ልጅ እውነቱን ሲሰማ ነው። ዘግይቷል፤ ግን በመደረጉ አከብረዋለሁ፤ አብዛኛው ተከታታይ ድራማ የረሳውን በደል ተመልሶ አያነሳውምና።

የእኛም ቤት ከዚህ ነፃ አይደለም። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ሰዉ እየጠላውም በጉጉት ይጠብቀው ነበር። አስናቀ ግን መጥፎነቱ ያልተሸሸገ ስለሆነ ማንንም አላደናገረም። የሚያደናግሩት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ተዋናዩ ስለተወደደ በየክፍሉ አንድ አንድ የእንባ ትዕይንት እየተጨመረላቸው የሚታጠቡት። ያንን ትዕይንት እንዲጨመር የሚጠይቅ መልእክት ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ተበዳይዋስ ብቻዋን የምትታይበት ትዕይንት ተጽፎላታል? ካልተጻፈላት የሱም አይጨመርም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግትር ነህ ብትሉኝ እቀበላለሁ። ሽማግሌ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ አያስታርቅም፤ ድራማም አንዱን ብቻ ጓዳ ድረስ አስገብቶ ሌላውን በር ላይ ካስቀረ፣ ተመልካቹን የሚጠይቀው ፍርድ ሳይሆን ድጋፍ ነው።

አሁን ወደ ቢህተር ቤት ልመለስ፤ ለኛ አንባቢ ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው ሰው እዚያ አለ። በኡሻክልጊል ልብ ወለድ ውስጥ በአድናን ቤት የሚኖር በሺር የሚባል ወጣት ባሪያ አለ። ሐበሻ ነው። በኦቶማን ዘመን ከእኛ አካባቢ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ተይዘው፣ ተሸጠው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ አገልግለዋል። ሱልጣኑ የአፍሪካውያንን ባሪያ ንግድ በ1857 በአዋጅ ቢያግድም፣ ልብ ወለዱ ሲጻፍ በሺርን የመሰለ ልጅ በቦስፎረስ ዳር ቤት መገኘቱ አንባቢውን የሚያስደንቅ አልነበረም። በሺር ኒሃልን በዝምታ ይወዳታል። ሳንባው ታሟል። በቤቱ የሚሆነውን ያያል፣ ያውቃል፣ ይይዛል። በመጨረሻም እውነቱን ለአድናን የሚነግረው እሱ ነው።

ስለ ቢህተር ሲከራከሩ የሰማኋቸው ሰዎች በሺርን አያነሱትም። ደራሲው ከቢህተር ጋር ያስቀመጠንን ያህል ከእሱ ጋር አላስቀመጠንምና። እኔ ግን ጭረቴን ይዤ ስሄድ የምቆመው እሱ ጋ ነው። ለወጣት ጸሐፊዎቹም የምሰጣቸው ልምምድ ይኸው ነው፤ ከታሪኩ አንድ ሌሊት መርጣችሁ በበሺር ክፍል ውስጥ ጻፉት እላቸዋለሁ። ከዚህ ልምምድ በኋላ ብዙዎቹ ስለ ቢህተር ያላቸው ሐሳብ ይለወጣል። ወይ ይጠነክርባታል ወይ ይለሰልስላታል፣ እንደ ሰዉ ነው፤ ብቻ እንደነበረ አይቀርም።

በሺርስ? እሱም ንጹሕ ሆኖ የተጻፈ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሏል፤ ዝምታውም አድናንንም ኒሃልንም ጎድቷቸዋል። ሲናገር ደግሞ ንግግሩ ቢህተርን ወደ ሞት ገፋት፣ የሚወዳትንም ልጅ ከሌላ ሰው ሠርግ አስጣለ። ከእውነት ፍቅር የተናገረ ነው ወይስ ከቅናት? ልብ ወለዱ ውስጥ ባሪያ ነው። የሚናገረው የጌታውን ሚስት በጌታው ፊት በመክሰስ ነው፤ ባይታመን የሚጠብቀውን ያውቃል። ስለዚህ በዝምታው ላይ አልፈርድም፤ በመናገሩ አከብረዋለሁ፣ ቅናትም ቢኖርበት። የ2008ቱ ድራማ ግን በሺርን ደመወዝተኛ ሾፌር አደረገው፤ የሐበሻነቱም ነገር ቀረ። ያ በሺር ሥራውን ትቶ መውጣት ይችል ነበር፣ ለኒሃልም ቀድሞ መንገር ይችል ነበር። ሁለቱም በሺሮች ተመሳሳይ ነገር አውቀዋል፣ ተመሳሳይ ጊዜ ዝም ብለዋል። የሾፌሩን ዝምታ ግን ለኒሃል ያለበት ዕዳ አድርጌ እጽፍበታለሁ።