አርኬድ በአናጢ እጅ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ለነበረ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ልጅ አርኬድ ቤት ማለት፣ ለእኛ ሠፈር ልጆች ጆተኒ የቆመበት ጥግና ፕሌይስቴሽን ቤት ማለት ነው። ሳንቲም የሚጎርስ፣ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ሣጥን ፊት ቆሞ መጫወት ነበር ደስታው። ዛሬ እነዚያን ሣጥኖች በጋራዡና በምድር ቤቱ ውስጥ በገዛ እጁ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው ደግሞ ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ ለአናጢነት ይቀርባል።

ከመነሻውም እንጨቱ የዋዛ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተሰኘውን ጨዋታ የመጀመሪያ ናሙና ሲያዘጋጅ መሐንዲሱ አል አልኮርን ሰርኪዩቱን ሠራ፤ ስክሪኑ ከሱቅ የተገዛ ተራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር፤ ሣጥኑን ያበጀው ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ቴድ ዳብኒ ነው። ማሽኑ በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ ባለ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተብሎ ሲከፈት ብልሽቱ ሌላ ሳይሆን ሳንቲም ማጠራቀሚያው ከአፍ እስከ ገደፉ መሙላቱ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ በላይ የሣጥኑን ክብር የሚያሳየኝ ግን የዶንኪ ኮንግ ታሪክ ነው። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ራዳር ስኮፕ የተባለ ጨዋታ የጫኑ ሁለት ሺህ ያህል ማሽኖች ገዢ አጥተው መጋዘን ውስጥ ቀርተውበት ነበር። በ1981 ወጣቱ ሺገሩ ሚያሞቶ የነደፈው አዲስ ጨዋታ በእነዚያው ሣጥኖች ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ዶንኪ ኮንጎች ቀይ የሆኑት ከራዳር ስኮፕ በወረሱት ቀለም ነው፤ የታወቀው ሰማያዊ የመጣው በኋላ ነው። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ ሣጥኑ ሳይለወጥ አገለገለ፤ የተለካው ለቆመ ሰው ዓይንና ክንድ ነበርና።

ሣጥኑን ቤት ውስጥ ለመሥራት መንገድ የከፈተው ሶፍትዌር ነው። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 ማሜ የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎች በተራ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ጀመሩ። በ2012 ደግሞ ከመዳፍ የማይበልጠው ራስበሪ ፓይ የተባለ ኮምፒውተር መጣ። ቀድሞ የሣጥኑን ሆድ ይሞላ የነበረው ኤሌክትሮኒክስ እንዲህ አነሰ። ልምድና ትዕግሥት የሚጠይቀው እንጨቱ ሆኖ ቀረ።

ሥራው የሚጀምረው ከጎን ሰሌዳዎቹ ነው። ወፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፐርሳቶ ይመረጣል። ኤምዲኤፍ ለስላሳና ለቀለም የሚመች ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ውኃ ካገኘው ያብጣል፣ ጠርዙ ላይ ቀድሞ ሳይበሳ ቪት ከገባበት ይሰነጠቃል። ብናኙም ሳንባ ይጎዳልና ያለ ጭምብል አይቆረጥም። እኔ ግን ኮምፐርሳቶን እመርጣለሁ፤ ቅለቱም ጥንካሬውም ይክሳል።

የጎኑ ቅርጽ በሙሉ መጠኑ ካርቶን ላይ ይሣላል፤ ከዚያ ወደ እንጨቱ ይተላለፋል። አንደኛው ሰሌዳ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ እስኪያልቅ ሁለተኛው አይነካም። ሁለተኛው ከመስመሩ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ከመጀመሪያው ጋር ይታሰራል። ከዚያ ጫፉ ላይ ኩሽኔታ ያለው የሩተር (የእንጨት መቅረጫ ማሽን) ምላጭ የመጀመሪያውን ጠርዝ እየተከተለ ሁለተኛውን ልክ መንትያው ያደርገዋል። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ሁለቱ ጎኖች በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ስክሪኑ ይንጋደዳል፣ የመጫወቻው ገበታም አይገጥምም። ከውስጥ በኩል ቀጫጭን ሞራሌዎች በኮላና በቪት ይመታሉ፤ መደርደሪያውና የፊት ሰሌዳው እነሱ ላይ ስለሚያርፉ ከውጭ አንድም የቪት ራስ አይታይም። በጠርዙ መካከል ዙሪያውን በሩተር ቀጭን ቦይ ይወጣና የፕላስቲክ ጌጥ ጠርዝ በጎማ መዶሻ ይገባበታል። የፋብሪካዎቹ ሣጥኖችም ጠርዛቸው የሚሸፈነው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ገበታው ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በትንሹ ወደ ተጫዋቹ ያዘነብላል። እንጨት ከመብሳት በፊት የቁልፎቹን ቀዳዳዎች ካርቶን ላይ ሥሎ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ እጁን ቢያሳርፍበት ብዙ ጸጸት ይቀራል፤ ጃፓን ሠራሽ ትልልቅ ቁልፎች 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሲፈልጉ የአሜሪካኖቹ በትንሹ ይጠብባሉ። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ለአንድ ተጫዋች ስድስት ቁልፍ ይጠይቃል። ፓክ ማን ቁልፍ አያስፈልገውም፤ መሪው (ጆይስቲኩ) ብቻ ይበቃዋል፤ እሱም በአራት አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መሆን አለበት። ስምንት አቅጣጫ ያለው መሪ በሰያፍ ይገፋና ፓክ ማን መታጠፊያው ላይ ይደናገራል። ጀማሪ ሠሪዎች ይህን ዘለው ጨዋታውን ሲወቅሱ ማየት ያሳዝነኛል።

ስክሪኑ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ የቆመ ሰው ቁልቁል ነው የሚያየው። የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የሚገጥም ሰው፣ ቱቦው ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ እንደሚችል አውቆ ለባለሙያ ይተውለት፤ ጠፍጣፋ ስክሪን ይህ አደጋ የለበትም። ከጀርባው የአየር ማስወጫ ቀዳዳ፣ ከአናቱ ከኋላው መብራት የሚበራበት የስም ሰሌዳ፣ ከሱ ሥር ወደ ታች የሚያይ ድምፅ ማጉያ ይከተላሉ።

የፋብሪካ ሣጥኖች ብዙዎቹ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚሠራውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መጋዝ በፊት የሚለካው የበሩ ስፋትና የደረጃው መታጠፊያ ነው። ከኋላ ግርጌው ሁለት ጎማ ይገጠማል፤ በሩ ከጠበበ ደግሞ ገበታው በብሎን ታስሮ ለብቻው እንዲነሣ ሆኖ ይሠራል።