አርማ ሲመረጥ የሕዝብ አስተያየት ምን ያህል ይመዝናል?

አንድ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የስፖርት ድግስ አዲስ አርማ ሊያወጣ ሲል የማይቀር ጥያቄ አለ፤ መራጩ ማን ነው? ባለሙያው ነው፣ ኃላፊው ነው ወይስ አርማው የሚወክለው ሕዝብ? ብዙ ተቋማት «ዕጩ ንድፎቹን አቅርበን አስተያየት እንሰበስባለን» ብለው ይመልሳሉ። የተሰበሰበው አስተያየት ምን ላይ እንደሚውል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። ቅሬታው የሚወለደውም እዚያ ላይ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለማየት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥሩ ማሳያ ይሆነናል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በባለሙያዎች ብቻ የተመረጠው አርማ

በጁላይ 2015 የቶኪዮ አዘጋጅ ኮሚቴ በዲዛይነር ኬንጂሮ ሳኖ የተሠራውን የኦሊምፒክ አርማ ይፋ አደረገ። በውድድሩ መሳተፍ የሚችሉት የታወቁ የዲዛይን ሽልማቶችን የወሰዱ ባለሙያዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀረቡትም 104 ሥራዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ኦሊቪዬ ደቢ የተባለ ቤልጅየማዊ ዲዛይነር፣ አርማው ለሊዬዥ ቴአትር ቤት ከሠራሁት ጋር ይመሳሰላል ሲል ተቃወመ። ሳኖ አልቀዳሁም ብሎ ተከራከረ። ኮሚቴው ግን አርማው የሕዝብ ድጋፍ ማጣቱን ተቀብሎ ሴፕቴምበር 1 ቀን አነሣው። በዓመቱ መጨረሻ የወጣ የምርመራ ውጤት ደግሞ በመጀመሪያው ዙር፣ በግል ከተጋበዙት ስምንት ዲዛይነሮች የሁለቱ ሥራ ያለአግባብ እንዲያልፍ መደረጉን አሳየ። ስሕተቱ የመጨረሻውን ውጤት እንዳልቀየረ ምርመራው ቢገልጽም፣ ምርጫው በሕዝብ ዘንድ አመኔታ አጥቶ ነበር።

ለሁሉም የተከፈተው ውድድር

ሁለተኛው ውድድር ለማንኛውም ጃፓናዊና የጃፓን ነዋሪ አዋቂ ተከፈተ፤ 14,599 ንድፎችም ገቡ። በሪዮሄይ ሚያታ የሚመራው መራጭ ኮሚቴ ከዲዛይን ሙያ ውጭ ያሉ ሰዎችንም፣ ለምሳሌ የቤዝቦሉን ዝነኛ ሳዳሃሩ ኦህን፣ አካተተ። ኤፕሪል 8 ቀን 2016 አራት ዕጩዎች ለሕዝብ ቀረቡ፤ ሰዉም በኢንተርኔትና በፖስታ ካርድ ሐሳቡን እንዲልክ ዐሥር ቀን ያህል ተሰጠው።

የሕዝቡ አስተያየት ለኮሚቴው ግብዓት እንጂ ድምፅ አልነበረም። በአራቱ መካከል ባለ አንድ ቀለሙ የመጀመሪያው ብቻ ስለነበር፣ ሌሎቹ እሱን ለማጉላት የገቡ ናቸው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ኤፕሪል 25 ቀን ከ21 የኮሚቴው ድምፆች 13ቱን አግኝቶ ያሸነፈውም ያው ንድፍ ሆነ። የአሳኦ ቶኮሎ ሥራ የሆነው ይህ አርማ፣ በኤዶ ዘመን የተወደደውን የዳማ ገበታ መሳይ ጥለት በ45 ጥቁር ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች የገነባ ነው። ጥርጣሬው ባይጠፋም አርማው እስከ ጨዋታዎቹ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

ያው አዘጋጅ ኮሚቴ የጨዋታዎቹን መለያ ገጸ ባሕርያት (ማስኮቶች) ሲመርጥ ደግሞ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰጠ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ድምፅ ነበረው፤ ተማሪዎቹ በክፍላቸው ተወያይተው ከሦስት ጥንዶች አንዱን ይመርጣሉ። 205,755 ክፍሎች ድምፅ ሰጡ፤ አሸናፊው ጥንድ 109,041 አገኘ። አርማው ላይ ሕዝቡ አማካሪ፣ ገጸ ባሕርያቱ ላይ ልጆቹ ወሳኝ ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱም መንገዶች ተገቢ ናቸው፤ ጥፋት የሚሆነው አንዱን እያደረጉ ሌላውን ማስመሰል ነው።

ድምፅ መስጠትም ብቻውን መፍትሔ አይደለም

ኒውዚላንድ የሰንደቅ ዓላማ ጉዳይን ለሕዝብ ድምፅ ስታቀርብ 10,292 ንድፎች ተልከው ነበር። የመጨረሻዎቹ አራት ዕጩዎች ሲታወቁ የሕዝብ ቅስቀሳ ተነሥቶ አምስተኛ ንድፍ በሕግ ተጨመረ። በ2015 መጨረሻ ሕዝቡ ከአምስቱ አንዱን መረጠ፤ በማርች 2016 አሸናፊው ከነባሩ ጋር ሲወዳደር ግን 56.6 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነባሩ ይቆይ አለ። «መቀየር ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ነበረበት ያሉ ተቺዎች ብዙ ነበሩ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ውሳኔው ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ቁጣም አንድ ዓይነት መልስ የለውም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ከ50,000 በላይ ፊርማ ሲሰበሰብበት አዲሱን ምልክት ተወ። የለንደን 2012 ኦሊምፒክ አዘጋጆች በ2007 ተመሳሳይ ተቃውሞ ቢገጥማቸውም አርማቸውን ይዘው ዘልቀዋል።

በአዲስ አበባ የተወሰነው የአፍሪካ ኅብረት ሰንደቅ ዓላማ በሌላ መንገድ ሄዷል። ውድድሩ ለአፍሪካውያን ተከፍቶ ከ19 አገሮችና ከዲያስፖራ 106 ሥራዎች ቀረቡ፤ ባለሙያዎች መዘኗቸው፤ መሪዎች በ2010 አጸደቁ።

አስተያየት እንዴት ይነበብ?

መጀመሪያ የሚታየው ማን እንደተናገረ ነው። ክፍት መጠይቅ የሚሞላው በአብዛኛው በጣም የወደደ ወይም በጣም የተናደደ ሰው ነው። ስለዚህ በዕድሜ፣ በጾታና በአካባቢ ተመጣጥነው የተመረጡ ሰዎችን ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የጥያቄው ዓይነት አለ። «የትኛውን ወደዱት?» ስለ ተመልካቹ ስሜት እንጂ ስለ አርማው ብዙ አይነግርም። «ምን ይታይዎታል? የማንን ድርጅት ያስታውስዎታል? በማኅተም መጠን ሲያንስ፣ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ይለያል? እምነትዎን ወይም ባህልዎን የሚነካ ነገር አለበት?» የሚሉት ግን ዲዛይነሩ ሊሠራበት የሚችል መልስ ያመጣሉ። አዲስ ነገር ለዓይን እንግዳ መሆኑም መረሳት የለበትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ ያየውን እየወደደ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ጥላቻ ሁሉ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ አስተያየት የሚቆጠር ብቻ ሳይሆን የሚመዘን ነው። የቶኪዮን የመጀመሪያ አርማ ያናጋው የአንድ ዲዛይነር ተቃውሞ ነበር። በሺህ መልሶች መካከል «ይህ ከእገሌ ጋር ይመሳሰላል» ወይም «ይህ ቅርጽ በእኛ ዘንድ የሐዘን ምልክት ነው» የሚል አንድ መልስ ቢገኝ፣ ከመቶ «ቆንጆ ነው» ይልቅ ሊጣራ ይገባል። ሁሉን ለማስደሰት ከአንዱ ቀለም፣ ከሌላው ቅርጽ መቀላቀልም ማንም ያልመረጠውን አርማ ያወጣል።

የአርማ ውድድር ለምታወጡ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና በውጭ አገር ላሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት የምለው ይህ ነው፦ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱ ምክር ይሁን ውሳኔ በግልጽ ጻፉ። ከወሰናችሁ በኋላ ምን እንደሰማችሁ፣ ምኑን እንደተቀበላችሁ፣ ምኑን ለምን እንደተዋችሁ ለሕዝቡ አሳውቁ። ይህን ለማድረግ ካልተዘጋጃችሁ ባትጠይቁ ይሻላል።