የጋሪው ፈረስ ደጋግሞ ሲያነክስ፦ ብር ከመላክሽ በፊት ምን ትጠይቂያለሽ?

እህቴ፣ ብዙዎቻችን ከደሞዛችን ቆጥበን ለወንድም ወይ ለአባት የጋሪ ፈረስ ገዝተናል። እኔም ለወንድሜ ገዝቼለታለሁ። ከዚያ በኢሞ ይደወላል፤ «ፈረሱ አነከሰ፣ ለመድኃኒት ላኪ»። ትልኪያለሽ፣ በሳምንቱ «ዳነ» ይሉሻል። ከሁለት ወር በኋላ ያው እግር፣ ያው ስልክ። እንዲህ ሲያርፍ የሚሻለው፣ ስራ ሲጀምር የሚመለሰው ማንከስ አንዱ ትልቅ ምክንያቱ የጅማት ጉዳት ነው።

የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ጡንቻ የለውም፤ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ከኋላ በኩል እንደ ገመድ የሚወርደው ጅማት ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ይለጠጣል። ጭነት ሲበዛ፣ መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን፣ ፈረሱ ሲደክም የጅማቱ ክሮች ይበጠሳሉ። ጅማት ደም በደንብ ስለማያገኝ ቶሎ አይድንም። ሲድንም በጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ በፊቱ አይለጠጥም። ለዚህ ነው እዚያው ቦታ ወይ አጠገቡ ደግሞ የሚበጠሰው።

ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ማንከሱ በ2 ወይ በ3 ሳምንት ሊጠፋ ይችላል፤ ጅማቱ ግን እስኪጠነክር ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል። «አያነክስም» ማለት «ድኗል» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሲደውሉልሽ መጀመሪያ ሰኮናውን አንስተው እንዲያዩ ንገሪያቸው። ሚስማር፣ ድንጋይ ወይ መግል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቶሎ የሚድን ነው። ከዚያ ሁለቱንም እግር ከጉልበት በታች ከኋላ በኩል በእጃቸው ይዳስሱ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ሲጫኑት ፈረሱ እግሩን ከነጠቀ ጅማት ጠርጥሪ። ቪዲዮም አስልኪ፤ ፈረሱ በደረቅ መሬት ወደ ካሜራው በሶምሶማ ይምጣ። የታመመው የፊት እግሩ ከሆነ፣ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል።

የዚያኑ ቀን ጋሪው ይፈታ። እግሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለ2 ወይ 3 ቀን ይፍሰስበት። ውሃ ብቻ ነው፣ ብር አያስወጣም። የአሰሪዎቼ መዝራ ላይ ያለው የፈረስ ጠባቂም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ልዩነቱ የነሱ ፈረስ ዓመት ሙሉ ማረፍ መቻሉ ነው። ፋሻ ከታሰረ ከስሩ ወፍራም ጥጥ ይኑር፤ ጠብቆ የታሰረ ፋሻ ራሱ ጅማት ይጎዳል።

በጋለ ብረት መተኮስ ግን ይቅር። ያረጀ ልማድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ጅማቱን አያድነውም፣ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ። የማስታገሻ መርፌም በሐኪም ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ወግቶ ወደ ጋሪ መመለስ የባሰ ነው፤ ፈረሱ ሕመሙ ስለማይሰማው የቀረውንም ይበጥሰዋል። ቢሾፍቱና ጎንደር አካባቢ ቤተሰብ ያለሽ፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አላቸው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ አስጠይቁ።

እረፍት ማለት አስሮ መርሳት አይደለም። ሐኪሙ ሲፈቅድ በገመድ ይዞ ማናፈስ፤ መጀመሪያ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ። ገብሱ ይቀነስ፣ ድርቆሽ ይብላ፤ ያለዚያ ይወፍርና ይፈነጫል። ሰኮናውም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይስተካከል፤ ፊቱ ሲረዝም ጅማቱን ይስባል።

ከባዱ ነገር ገንዘቡ ነው። ፈረሱ ሲያርፍ ወንድምሽ ምን ይበላል? እሱን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። በየጊዜው ለመርፌ ከምትልኪ፣ ያንኑ ለሌላ ፈረስ ኪራይ ወይ ለሌላ ስራ መነሻ ማድረግ ይሻላል። ጅማቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተበጠሰ ያ ፈረስ ለጋሪ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አስፋልት ዳር መጣል ግን ግፍ ነው።

ወደ ስራ ሲመለስ ግማሽ ቀን፣ ቀላል ጭነት፣ ሜዳ መንገድ። ማታ ማታ እግሩ ይዳሰስ፤ ሙቀት ከተሰማቸው በማግስቱ ጋሪ የለም።