ስለ ልብስ ሰፊዎች ሴቶች ድካም

ልብስ ለሰው ክብሩ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን ለብሶ ሲያጌጥ ሰፊዋን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ በልብስ ፋብሪካ ይሠሩ ስለ ነበሩት ሴቶች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ባልትና ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በዚያም ሥራው እንዲሁ ተከፍሎ ነበር። ጨርቅ ቈራጮቹ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ደመወዛቸውም ከፍ ያለ ነበር፤ በስፌት መኪና ተቀምጠው የሚሰፉት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እነዚህም የኢጣልያና የአይሁድ ወገኖች፣ ከፖርቶ ሪኮ ደሴት የመጡና ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በብዙው ፋብሪካ አንዲቱ እጅጌ፣ ሌላዪቱ አንገትጌ፣ ሦስተኛዪቱ ጠርዝ ስትሰፋ ትውላለች። ዋጋዋ በተሰፋው ቁጥር ስለ ነበረ፣ ክር በተበጠሰ ጊዜ የሚጐድለው ከልጆቿ እንጀራ ነው። ማታም ወደ ቤቷ ስትገባ ሌላ ሥራ ይጠብቃት ነበር።

ይህም ቢሆን ከቀድሞው የተሻለ ነው። በ1911 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ትራያንግል በሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ፤ 123ቱ ሴቶች ነበሩ። አንዱ በር ተቈልፎ ስለ ነበረ ብዙዎች መውጫ አጡ። ይህን በዓይኗ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት በ1933 ዓ.ም. የሥራ ሚኒስትር ሆነች፤ በ1938 ዓ.ም. በወጣውም ሕግ የሰዓት ደመወዝ ከ25 ሳንቲም እንዳያንስ ተወሰነ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ በ1900 ዓ.ም. የተመሠረተው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ብዙ ረዳቸው። በ1958 ዓ.ም. ከ100,000 የሚበልጡ ቀሚስ ሰፊዎች ሥራ አቁመው ጭማሪ አገኙ። ነገር ግን አባሎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የማኅበሩ አለቆች ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ፤ ይህ ቅሬታ ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ በአገራችንም ሴቶች ልጆቻችን በስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። ስለዚህ ሥልጣን ያለው ሁሉ ልብ ይበል፤ በኒውዮርክ ሕጉ የጠነከረው ከሬሳው በኋላ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን፣ ዋጋውም እንጀራ የሚያበላ መሆኑን አስቀድሞ የሚመረምር ሹም፣ የሚለብሰው ልብስ በእውነት ክብር ይሆነዋል እንላለን።