የሲሊኮን ገጽን በፕላዝማ ማከም

የሲሊኮን ገጽን በፕላዝማ ማከም ማለት ሲሊኮን የተባለውን ጎማ መሰል ፖሊመር ለአጭር ጊዜ ለፕላዝማ በማጋለጥ የላይኛውን በጣም ስስ ሽፋን መለወጥ ነው። የውስጡ ቁስ እንዳለ ይቆያል። እዚህ ላይ ፕላዝማ ሲባል የደም ፈሳሽ ሳይሆን፣ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ሲሊኮንም ከሲሊከን ይለያል፦ ሲሊከን የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሲሊኮን ግን ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው።

አስፈላጊነቱ

በዚህ ዘዴ በብዛት የሚታከመው ፖሊዳይሜትልሲሎክሴን፣ ባጭሩ ፒዲኤምኤስ፣ የተባለው ሲሊኮን ነው። የሰንሰለቱ ጎኖች በሜትል ቡድኖች ስለተሸፈኑ ውሃ አይስብም። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 110 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ በራሱ ወደ ጠባብ ቦዮቹ አይገባም፤ ብዙ ዓይነት ማጣበቂያም አይዘውም።

አሠራሩ

የጸዳው ናሙና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። አየሩ በፓምፕ ከወጣ በኋላ ጥቂት ኦክስጅን ይገባና በኤሌክትሪክ መስክ ኃይል ወደ ፕላዝማ ይለወጣል። ፕላዝማው ከገጹ ላይ ሜትሎችን ያስወግዳል፤ በምትካቸው ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ ከሲሊከኑ ጋር ሲላኖል የሚባሉ ቡድኖች ይፈጠራሉ። እነዚህ ውሃ ስለሚስቡ ጠብታው ይዘረጋል።

የታከመ ሲሊኮን ከታከመ መስታወት ጋር ወዲያው ሲገጠም፣ ሲላኖሎቹ ውሃ እየለቀቁ በኦክስጅን ድልድይ ይተሳሰራሉ። ሙጫ አያስፈልግም። በኃይል ለማላቀቅ ሲሞከርም ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው መጋጠሚያው ሳይሆን ራሱ ሲሊኮኑ ነው።

የጊዜ ገደቡ

ለውጡ ዘላቂ አይደለም። አየር ላይ የተቀመጠ ናሙና በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ውሃ ወደ መግፋት ይመለሳል። ዋናው ምክንያት ያልተያያዙ አጫጭር ሰንሰለቶች ከውስጥ ወደ ላይ መውጣታቸው ነው። በመሆኑም ማጣበቅ የሚፈልግ ሰው ገጾቹን ከክፍሉ እንዳወጣ መግጠም አለበት፤ የዘገየ መጋጠሚያ ፈሳሽ ሊያፈስ ይችላል። ናሙናውን ውሃ ውስጥ ማቆየት መመለሱን ያዘገየዋል።

ረጅም ጊዜ ማከምም መፍትሔ አይሆንም። ገጹ ላይ መስታወት መሰል ተሰባሪ ሽፋን ይፈጠርና ይሰነጠቃል፤ አጫጭሮቹ ሰንሰለቶችም በስንጥቁ በኩል ይበልጥ ፈጥነው ይወጣሉ።

ጥቅሙ

በ1998 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ዋይትሳይድስ የምርምር ቡድን ጠባብ ቦዮች ያሏቸውን የፒዲኤምኤስ ቺፖች በኦክስጅን ፕላዝማ ማሸግ እንደሚቻል አሳይቷል። እንዲህ ያሉ ቺፖች በጥቂት የደም ጠብታ ወይም በነጠላ ሕዋሳት ላይ ምርመራ ለማድረግ ያገለግላሉ። አንዳንድ ሲሊኮን ያለባቸው የዓይን ሌንሶችም እንባ እንዲያርሳቸው በፕላዝማ ይታከማሉ።