በአልኮል ስለ ተቀየጠ ቤንዚን ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚነግዱ ወገኖቻችን ከደንበኞቻቸው ዘንድ አዲስ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ይኸውም «ኢ85 የሚባለውን ነዳጅ የሚችል ቱቦ፣ ፓምፕና ኢንጀክተር ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የአውቶሞቢላቸውን ሞተር አስለውጠው ኃይሉን ለመጨመር የሚሹ ሰዎች ናቸው። ነጋዴ ምንነቱን ያላወቀውን ዕቃ ቢያስመጣ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል፤ የማይስማማውን ዕቃ ቢሸጥ ደግሞ የደንበኛው ሞተር ይበላሻል፤ ቤንዚን ያፈሰሰ ቱቦም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

«ኢ» የሚለው ፊደል ኤታኖል የተባለውን አልኮል ሲያመለክት፣ ቁጥሩ ከመቶው ስንት እጅ አልኮል እንደ ሆነ ይገልጣል። ኤታኖል በአረቄና በጠጅ ውስጥ የሚገኘው ያው አልኮል ነው፤ ከቤንዚን ጋር የሚቀየጠው ግን ውኃው ተለይቶ የወጣለት ነው። በአሜሪካ በብዛት ከበቆሎ፣ በብራዚል ከሸንኮራ አገዳ፣ በአገራችን ደግሞ የስኳር ተረፈ ምርት ከሆነው ከሞላሰስ ይወጣል። እንግዲህ ኢ10 ማለት 10 እጅ ኤታኖልና 90 እጅ ቤንዚን ነው። ኢ85 ግን ሁልጊዜ እንደ ስሙ አይደለም። በአሜሪካ ደንብ በዚህ ስም የሚሸጠው ነዳጅ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኤታኖል ሊኖረው ይችላል። ምክንያቱም አልኮል በብርድ ጊዜ በቀላሉ ስለማይተን ሞተር ለማስነሣት ያስቸግራል፤ በቅዝቃዜው ወራት የቤንዚኑ ድርሻ ከፍ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ኃይላቸው የተጨመረ አውቶሞቢሎች ይህን ነዳጅ የሚወዱበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ነዳጅና አየር ከካንዴላው የተነሣው ነበልባል ሳይደርስበት በራሱ ሲቀጣጠል ሞተሩ ይንኳኳል፤ መንኳኳቱ ከበዛ ፒስቶን እስከ መሰበር ይደርሳል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ነዳጁ ይህን ለመቋቋም ያለውን ችሎታ ያመለክታል። የኤታኖል ኦክቴን ከተራው ቤንዚን የላቀ ነው። ከዚህም በላይ በሚተንበት ጊዜ ቤንዚን ከሚወስደው ሙቀት ከሁለት እጅ በላይ ስለሚወስድ፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ በቱርቦ ብዙ አየር የሚገፋለት ሞተር ሳይንኳኳ ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ያለ ወጪ አይገኝም። አንድ ሊትር ኤታኖል የያዘው የሙቀት ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል። 1 ኪሎ ተራ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ 1 ኪሎ ኢ85 የሚበቃው 9.8 ኪሎ ያህል ነው። ለዚሁ አየር ብዙ ነዳጅ ስለሚያስፈልግ፣ ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ነዳጅ ማቅረብ አለባቸው። ይህን የማይችሉ ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። እንዲሁም ሞተሩ ለ85 በመቶ ተስተካክሎ ሳለ 55 በመቶ የሆነ ቢቀዳለት፣ ልኩ ሁሉ ይፋለሳል። የአልኮሉን መጠን ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚነግር መሣሪያ የሚገጠመው ስለዚህ ነው።

የት ይገኛል ለሚለው፣ ኢ85 በአሜሪካ በተለይ በቆሎ በሚመረትባቸው መካከለኛ ግዛቶች፣ በአውሮፓም በፈረንሳይ በማደያዎች ይሸጣል። ብራዚል ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምራ አልኮልን በሰፊው ለነዳጅ ስታውል ቆይታ፣ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራው ቤንዚን ውስጥ የሚገባውን 30 በመቶ አድርሳለች። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ቅይጥ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን መቀየጡ ያለማቋረጥ አልዘለቀም። ኢ85 በማደያዎቻችን አይሸጥም። ስለዚህ ለዚህ ነዳጅ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ በብዛት ማስመጣት ለጊዜው አይመከርም።

በ10 በመቶው ዘመን የደረሰብንን አንድ ነገር እዚህ መናገር ይጠቅማል። እኔ በጸሓፊነት ወደምሠራበት መደብር ደንበኞች እየተመለሱ «የሸጣችሁልን ፊልትሮ በወሩ ተደፈነ» ብለው ይወቅሱን ነበር። እኛም ዕቃው መናኛ ነው ብለን ገንዘባቸውን መለስን፤ ላስመጣንበትም ድርጅት የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍሁ። ኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፊልትሮውን ቀድደው በውስጡ ዝገትና ዝቃጭ አሳዩን። አልኮል በአሮጌ ታንክ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አሟሟ እንጂ ፊልትሮውስ ሥራውን ሠርቷል። ያለ ጥፋቱ ለተወቀሰው ድርጅት የይቅርታ ደብዳቤ የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

ሁለተኛው ጠላት ውኃ ነው። ኤታኖል ውኃን ይስባል፤ በ1,000 ሊትር ኢ10 ውስጥ 5 ሊትር ያህል ውኃ ሲገባ፣ ውኃውና አልኮሉ ተያይዘው ከታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ። ከላይ የሚቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ፓምፑ ከሥር ስለሚስብም ሞተሩ ውኃ ይጠጣል።

ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የመንኳኳቱ ፍርሃት ያንስበታል። ስለዚህ አሠራሩ ላልተለወጠ አውቶሞቢል ከፍተኛ ኦክቴን መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ ያሉት መኪናዎች እያረጁ የመለዋወጫ ፈላጊው ብዙ ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው የሚከተለውን ቢያስተውል መልካም ነው።

አንደኛ፣ ቱቦና ጓርኒሲዮን ሲታዘዝ ዕቃው እስከ ስንት በመቶ ኤታኖል እንደሚችል በጽሑፍ ይጠየቅ። ተራ ጎማ በአልኮል ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ቪቶንና ቴፍሎን ግን ይችሉታል።

ሁለተኛ፣ ያው መጠን በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የአልኮሉን መጠን ለመገመት መስመር ባለው ብርጭቆ 90 ሚሊ ሊትር ነዳጅና 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ከድኖ መነቅነቅና ማሳረፍ ይቻላል። አልኮሉ ወደ ውኃው ይወርዳልና፣ የታችኛው 10 የነበረው 19 ቢሆን 9ኙ አልኮል ነው፤ ይህም ከ90ው 10 በመቶ ይሆናል።

አራተኛ፣ ብዙ አልኮል ያለበት ነዳጅ ሲቀጣጠል ተራው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ይፈርሳል፤ ለአልኮል እሳት የተሠራው ዓይነት ይዘጋጅ።

ነጋዴ በሚዛኑና በመስፈሪያው እንደሚታመን ሁሉ፣ በዚህም ንግድ መጠኑን ጠይቆ የገዛና መጠኑን ጽፎ የሸጠ ከደንበኛው ጋር ክርክር አይኖረውም።